ከወፍጮው ድምፅ ሥር

በቅርቡ የወይራ ግንድ ልገዛ ደራ ወርጄ ከእንጨት ሻጩ ጋር ቆመን ስንነጋገር፣ ከኋላችን ካለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ወፍጮ ተነሳ። መጀመሪያ ቀበቶው ጅራቷን እንደረገጧት ድመት ጮኸ፣ ቀጥሎ ድንጋዩ እያጉረመረመ መሬቱን አንቀጠቀጠው፣ ከዚያ ያ የማያቋርጥ ወፍራም ድምፅ ሰፈሩን ሞላው። ሳላስበው ቀኝ እጄ መዶሻ ፍለጋ ወደ ጎኔ ሄደ። ሰውየው ቦርሳዬን የምጠብቅ መስሎት «አይዞሽ እህቴ፣ እዚህ ሌባ የለም» አለኝ። ሳቅሁና እጄን ሰበሰብሁ። በኛ ቤት ሥራ የሚጀመረው ወፍጮ ሲነሳ እንደነበረ፣ ወፍጮ ሲቆም ደግሞ አባቴ ትንፋሹን ጭምር ይሰበስብ እንደነበረ፣ ለማያውቀኝ ሰው ገበያ መሃል ማስረዳት አይሆንልኝም። በጽሑፍ ግን ይሆንልኛል።

ያደግሁት አዳማ ነው፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። ቤታችን ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ የጋሪ ፈረሶች ውሃ ከሚጠጡበት ቦኖ ዝቅ ብሎ ነበር፤ አንዱን ግድግዳ ከጋሽ ከድር ወፍጮ ቤት ጋር እንጋራ ነበር። ከኛ በፊት የነበሩት ተከራዮች ጩኸቱና ዱቄቱ አማርሯቸው ለቀው ሄደዋል። አባቴ ታደሰ ግን ክፍሉን ሊያይ የመጣ ቀን ግድግዳው ላይ መዳፉን አሳርፎ፣ ንዝረቱን ለጥቂት ጊዜ አዳምጦ፣ ሌላ ክፍል ሳይጠይቅ «ይሄ ይሆነኛል» አለ ይባላል። የሰፈሩ ሰው አባቴን የሚያውቀው በእንጨት ነበር፤ «ታደሰ አናጢው» ነበር ስሙ። በራችን ላይ ከወይራና ከዋንዛ የተጠረቡ አምባሮች፣ የአንገት ጌጦችና የፀጉር ማያያዣዎች በሲባጎ ተንጠልጥለው፣ ነፋስ ሲመጣ እርስ በርሳቸው እየተጋጩ ቀጭን ድምፅ ያሰሙ ነበር። አንድ ነጋዴ እየመጣ ይሰበስባቸውና ለላንጋኖ ሆቴሎች ይወስዳቸዋል።

ከመጋረጃው ጀርባ የነበረውን ግን የሰፈሩ ሰው አያየውም ነበር። እዚያ የከሰል ምድጃ፣ ከፍየል ቆዳ የተሰፋ ወናፍ፣ ጉጠት፣ ሞረድ፣ ከባቡር ሐዲድ የተቆረጠ አንድ ክንድ የማይሞላ ብረትና በላዩ ላይ የሚያርፍ መዶሻ ነበሩ። አባቴ ከተቃጠለ ሞተር የወጣ መዳብ፣ ከአሮጌ ቧንቧ የተፈታ ናስ፣ አንዳንዴም ገበሬ የሚያመጣለትን የድሮ ብር አቅልጦ፣ ቀጥቅጦና አቅጥኖ ክብ ያደርገዋል፤ ያን ክብ እስኪቀላ አግሎ በእንጨቱ አምባር ዙሪያ ያለብሰውና፣ መዶሻውን ዙሪያውን እያሳረፈ ቦታው አስገብቶ ወዲያው ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። የጋለ ብረት ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠባል፤ ስለዚህ ሙጫም ምስማርም ሳይገባው እንጨቱን ጨምቆ ይይዘዋል። ሥራው ፋታ አይሰጥም። ብረቱ እንጨቱን ከነካ በኋላ ትንሽ ከቆየ ወይራው ይከስላል፣ የአንድ ዓመት ድካምም አመድ ይሆናል። ገዢዎች ብረቱን ከየት እንዳመጣው ሲጠይቁት፣ አባቴ አንገቱን ደፍቶ «አዲስ አበባ አሠርቼ ነው» ይላቸው ነበር።

የደበቀበት ምክንያት ይህ ነው። አባቴ የአንጥረኛ ልጅ፣ የቀጥቃጭ የልጅ ልጅ ነበር። በተወለደበት በሰሜን ሸዋ ገጠር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው ይባላል፤ ዓይኑ ይፈራል፣ ከእሱ ጋር በአንድ ማዕድ አይቀመጡም፣ ማረሻቸው ሲዶለድም ግን ደጁ ላይ ተሰልፈው ያድራሉ። ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር። ልጆቹ ሲያልፍ ምራቃቸውን ይተፉ ጀመር፣ የሚቀመጥበት ድንጋይ ከሌሎቹ ራቅ ተደረገ፣ እሱም ብዙ ሳይቆይ ወጥቶ ወናፍ መንፋት ያዘ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሱ ስለዚያ አፉን ከፍቶ አያውቅም። ካደገ በኋላ ደብረ ብርሃን ሞከረ፣ ቢሾፍቱ ሞከረ፤ በሁለቱም ከተማ የአገሩ ሰው አይቶት ወሬው ሲሰማ ጓዙን ጠቅልሎ ተነሳ። ናዝሬት ሲደርስ እንጨቱን ደጅ ሰቅሎ ብረቱን ጓዳ ከተተ፣ መዶሻውንም የጋሽ ከድር ወፍጮ ካልዞረ በቀር አያነሳውም ነበር።

እናቴ ጫልቱ የደራ ልጅ ናት፤ የወንጌል አማኝ ነበረች። በዚያ ዘመን በእሷ ቤተ ክርስቲያን የነበሩ እናቶች ጌጥ ስለማያደርጉ፣ የጌጥ ሠሪ ሚስት ሆና ከጋብቻ ቀለበቷ በቀር እጇ ባዶ ነበር። አባቴ ይህን እያነሳ ያሾፍባት ነበር፤ ጫማ ሰፊ ልጁን በባዶ እግሩ እንደሚልክ ሁሉ አንጥረኛም ሚስቱን በባዶ እጇ ይልካል ይላታል። እሷም ከሥራዋ ቀና ሳትል «አንተ ደብቀህ ሠርተህ፣ እኔ አደባባይ ልልበስልህ?» ትለዋለች። በዚህ ጊዜ ሳቁ ይጠፋና ወደ ሞረዱ ይመለሳል።

የእኔ ሥራ ማዳመጥ ነበር። ጀርባዬን ለወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሰጥቼ እቀመጥና ድንጋዩ ምን እንደሚፈጭ በጀርባዬም በጆሮዬም እሰማለሁ። በቆሎ ሲገባ ያገሳል፣ ስንዴ ሲሆን ያጉረመርማል፣ ጤፍ ሲሆን ድምፁ እንደ ዝናብ ይደቃል። ከላይ የተጨመረው እህል ሊያልቅ ሲል ደግሞ ድንጋይ ከድንጋይ ሊገናኝ እንደሆነ የሚያሳብቅ አንድ ቀጭን ፉጨት ይጨመርበታል። ያን ጊዜ እጄን አነሳለሁ፣ አባቴም መዶሻውን አየር ላይ እንደያዘ ይቆማል። የሚቀጥለው ባለ እህል ጆንያውን ሲገለብጥ እጄን አወርዳለሁ፣ መዶሻውም ይወርዳል። በዚህ አሠራር የኛ መዶሻ ብቻውን ተሰምቶ አያውቅም ነበር። አባቴ ስሜን ትቶ «ጆሮዬ» ነበር የሚለኝ፤ እኔም እንደ ትልቅ ሹመት እቆጥረው ነበር።

ክረምት ሲገባ ግን ጆሮም መዶሻም ያርፉ ነበር፤ በዝናብ ወራት ብረት ማልበስ በቤታችን ክልክል ነው። እንጨት በክረምት እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፤ ያን ጊዜ ያለበሱት ብረት፣ የናዝሬት በጋ መጥቶ እንጨቱን ሲያከሳው፣ እንደ ከሳ ሰው ቀበቶ ይላላና ከእጅ ላይ ወርዶ ይወድቃል። «ክረምት የጠገበ እንጨት በበጋ ይከዳል» ይል ነበር አባቴ፤ ይህን ሳያውቅ የቸኮለ ሠሪ ደንበኛውን የሚያጣው በኅዳር ነው። ስለዚህ ጎርፉ ከተራራው ቀይ ጭቃ እያመጣ መንገዱን ሲዘጋው፣ አባቴ ይጠርብ፣ እኔ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልስ፣ እናቴ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣ መጽሐፍ ቅዱሷን ጭኖቿ ላይ ዘርግታ ፊደል ታስቆጥረኝ ነበር። በአንደኛው ክረምት ፊደሉን ለየሁ፣ በሚቀጥለው የማቴዎስን ወንጌል እየተንተባተብሁ ዘለቅሁ፤ ከዚያ ወዲያ በስኳር መጠቅለያ ላይ ያለ የጋዜጣ ቁራጭ እንኳ ሳላነበው አይጣልም ነበር። እናቴ ያነበብሁትን መልሼ እንድነግራት ታደርገኛለች፤ ቃል ከሳትሁ እንደገና ከላይ ታስጀምረኛለች። ዛሬ ሰዎች «በጣም ታከርሪያለሽ» ሲሉኝ ከማን እንደወረስሁት አውቃለሁ።

መስከረም የዓመቱ ክፉ ወር ነበር። የሰፈሩ ልጆች አዲስ ቦርሳ ተሸክመው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ በበራችን ፊት እየተጯጯሁ ያልፋሉ፤ እኔ የበሩን መቃን ይዤ አያቸዋለሁ። እናቴ በየዓመቱ ትጠይቀዋለች፣ እሱም በየዓመቱ «የሚመጣው ዓመት» ይላታል፣ የሚመጣው ዓመት ግን ሲደርስ ተመልሶ የሚመጣው ዓመት ይሆናል። ከኔ በዕድሜ የሚያንሱት ሦስተኛ ክፍል ደርሰው ነበር። አንድ ቀን በመጋረጃው ወዲህ ሆኜ፣ እናቴ አባቴን «የምትፈልጋት ለጆሮዋ ብቻ እንደሆነ እንዳይመስላት» ስትለው ሰማሁ። አባቴ መለሰላት፤ ድምፁ ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ስለነበር ለመስማት መጠጋት ነበረብኝ።

«ልጆች ይጠይቃሉ ጫልቱ። አባትሽ ምን ይሠራል ይሏታል። ይቺ ልጅ ደግሞ መዋሸት አታውቅበትም።»

እውነቱን ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩ ገባኝ። ትምህርት ቤት የማልሄደው ድሃ ስለሆንን ወይም ሴት ስለሆንሁ አልነበረም። ከደጃችን በወጣሁ ቀን የአባቴ መዶሻ አብሮኝ ስለሚወጣ ነበር። እኔ እንድማር እሱ መታወቅ አለበት፣ እሱ እስካልታወቀ ድረስ እኔ አልማርም።

ጥቅምት ሲነፍስ ወደ ደራ እንወርድ ነበር፤ ወይራ የሚመረጠው ያን ጊዜ ነው። አባቴ ግንዱን በጥፍሩ እየቧጨረ፣ እያሸተተ፣ ጆሮውን አስጠግቶ እያንኳኳ ይመርጥና፣ የተቆረጠውን ናዝሬት አምጥቶ በጆንያ አመድ ውስጥ ቀብሮ ዓመት ያስቆየዋል። የእናቴ ቤተሰቦች ሲያገባት ሥራውን ያውቁ ነበር፤ ከአንዳንዶቹ ጋር ሰላምታው ከ«አካም ጅርቱ» ያላለፈው በዚያ የተነሳ ነው። የአክስቴ ልጅ ቦንቱ ግን ሌላ ነበረች። በዚያ ዓመት ለጥር ታጭታ ነበር፤ አባቴን ከግንዶቹ መሃል አስነስታ «ጋሼ፣ የሰርጌን አምባር እርስዎ ካልሠሩልኝ ባዶ እጄን ነው የምወጣው፤ ማን ሠራው ሲሉኝም ስምዎን እጠራለሁ» አለችው። አባቴ በእንጨቱ ዱቄት የነጣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ሳቀ። እንጨቱን እንድትጠራለት፣ ብረቱን ግን እንድትተወው ለመናት። እሷም እሺም እንቢም አላለችውም።

ለቦንቱ የመረጠላት ዓመቱን በአመድ የጨረሰውን ምርጡን ወይራ ነበር፤ ልቡ ጠቆር ያለ፣ መስመሩ እንደ ውሃ ሞገድ የሚሄድ። ለብረቱ እናቴ ከእናቷ የወረሰችውን፣ ወንጌልን ካመነች በኋላ በጨርቅ ጠቅልላ ያስቀመጠችውን የብር የአንገት ድሪ ራሷ አውጥታ ሰጠችው። ብሩ አንድ ጥንድ ለማልበስ ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ቢበላሽ የሚተካው የለም። አባቴ ኅዳርንና ታኅሣሥን በእሱ ላይ ዋለ። ሰርጉ ነገ ሊሆን ዛሬ አንደኛው አምባር አልቆ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የቀረው ሁለተኛውን ማልበስ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል፣ ወፍጮ ቤቱ ለሰርግ በሚፈጭ እህል ተጨናንቋል። ግድግዳው ላይ ጀርባዬን ለጥፌ አዳመጥሁ፤ በቆሎ ነበር፣ ያውም ገና የተጨመረ። እጄን አወረድሁ። አባቴ የቀላውን የብር ክብ በጉጠት አንስቶ በአምባሩ ላይ አኖረው፣ ቀጭን ጭስ ተነሳ፣ መዶሻውንም ከፍ አደረገ። በዚህ መሃል ወፍጮው ያለ አንዳች ፉጨት፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ፣ አንድ ጊዜ ቃተተና ሞተ። መብራት ጠፍቶ ነበር።

እንደዚያ ያለ ጸጥታ ከዚያ በፊት በቤታችን ተሰምቶ አያውቅም። ቦኖው ጋ የቆመ ፈረስ ኮቴውን ሲያነሳ ይሰማል፣ ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች «ውይ፣ ሄደ» ሲሉ በአጠገቤ እንዳሉ ያህል ይሰማል። የአባቴ መዶሻ አየር ላይ ቀረ። ጭሱ ወፈረ፣ የሚቃጠል ወይራ ጠረን ክፍሉን ሞላው፣ በብሩ ጠርዝ ሥር ያለው እንጨት መጥቆር ጀመረ። እናቴ የውሃውን ጎድጓዳ ሳህን እንደያዘች መጋረጃው ጋ ቆማ ነበር።

«ምታው» አለችው።

«ይሰማል» አላት፤ ከንፈሩ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

«ይሰማ። የልጅቷ አምባር ከሚነድ ይሰማ።»

አባቴ አያት፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ መታውም። የመጀመሪያው ምት መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ካለው ግንብ ላይ ሲመለስ ሰማሁት፤ ሁለተኛው ሲያርፍ ውጭ የነበሩት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። እሱ ግን ከጀመረ በኋላ አልቸኮለም። አምባሩን እያዞረ፣ ዙሪያውን እኩል እያሳረፈ፣ ብሩ ቦታው እስኪገባ ድረስ መትቶ፣ በእናቴ ሳህን ውስጥ ነከረው። ውሃው ጮኸ፣ ከዚያ እንደገና ጸጥ አለ።

መጀመሪያ የመጡት ጋሽ ከድር ነበሩ። ቅንድባቸው በዱቄት ነጥቶ፣ በሩን ሳያንኳኩ ገብተው፣ መጋረጃውን ገልጠው ምድጃውንም፣ ወናፉንም፣ ሐዲዱንም ተራ በተራ አዩ። አባቴ ጉጠቱን እንደያዘ ተነስቶ ቆመ። እኔ የሚጮኹ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ከድር ግን የእውነት የተቀየመ ሰው ድምፅ ነበር ያወጡት።

«ታደሰ፣ ይሄ ሁሉ ከግድግዳዬ ሥር እያለ፣ እኔ ለአንዲት የወፍጮ ፒን ሞጆ ድረስ ልጅ እልካለሁ?»

ጋሽ ከድር አምባሩን ከውሃው አውጥተው በሽርጣቸው አደረቁት፣ በብርሃን አዙረው አዩት፣ «ማሻ አላህ» ብለው ለእናቴ ሰጧት። ሲወጡ እንደገና ዞር አሉና «መብራት ሲጠፋ የሚሠራ አንተ ብቻ ነህ፣ የከሰርሁት እኔ ነኝ» ብለው ሄዱ።

ሁሉም እንደ ጋሽ ከድር ነበር ብል ግን እዋሻለሁ። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት እትዬ ዘነቡ፣ ከዚያን ቀን በፊት እንደ ቤታቸው ነበር የሚገቡ የሚወጡት። በማግስቱ ማለዳ፣ ወደ ደራ ሳንነሳ፣ ከኛ የተዋሱትን ወንፊት በራፋችን ላይ አስቀምጠው ሳይጣሩ ተመለሱ። አባቴ በመንገድ ሲያልፍም ጀርባቸው ላይ ያዘሉትን ሕፃን ፊት በነጠላቸው ሸፈኑት። አባቴ አየ። ሰርጉን ደራ ውለን፣ ቦንቱም ሁለቱንም አምባሮች አጥልቃ እጇን ላየው ሁሉ እያሳየች፣ ስሙንም እንዳለችው እየጠራች ስትውል፣ እሱ በድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ያሰበው ያንን ነጠላ ነበር መሰለኝ። ናዝሬት እንደተመለስን መሣሪያዎቹን በጆንያ መክተት ጀመረ። ሻሸመኔ ትልቅ ከተማ ነው አለ፣ ሰው የማይተዋወቅበት፤ እዚያም ወፍጮ አይጠፋም አለ።

እናቴ ጆንያው አፍ ላይ ተቀመጠችበት። ስትናደድ ኦሮምኛዋና አማርኛዋ ይደባለቁባት ነበር፤ ያን ቀን ግን ቀስ ብላ፣ አንድም ቃል ሳታደባልቅ ተናገረች።

«ሦስት ከተማ ቀየርህ። የትም ብትሄድ መዶሻህ ከኛ ቀድሞ ይደርሳል። እኔና ልጄ ከዚህ አንነሳም፤ መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ትገባለች። አንተ ከፈለግህ ወፍጮ ፍለጋ ሂድ።»

አባቴ አልሄደም፣ ግን ጆንያውንም አልፈታም። ለጥቂት ሳምንታት እንጨት ብቻ እየጠረበ ተቀመጠ፤ ወፍጮው ቢዞርም መዶሻ አላነሳም፣ እኔም ግድግዳው ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ በከንቱ አዳምጥ ነበር። ጆንያውን ያስፈቱት ጋሽ ከድር ናቸው፤ ወይም የወፍጮው ዘንግ ነው ማለት ይቻላል። በሁዳዴ መግቢያ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሽሮ እህሉን ሊያስፈጭ በተሰለፈበት ቀን፣ ዘንጉን የሚይዘው ፒን ተቆረጠ። ጋሽ ከድር ስባሪውን በመዳፋቸው ይዘው፣ በኛ በር በኩል ሳይሆን ወረፋውን ይዘው ከቆሙት ሴቶች መሃል ሆነው፣ ሁሉም እየሰማ «ታደሰ፣ ይቺን ሥራልኝ፣ ሕዝቡ ቆሟል» ብለው ተጣሩ።

አባቴ ጆንያውን ፈታ። ምድጃውን ግን ከመጋረጃው ጀርባ አላቀጣጠለውም፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፣ ሐዲዱን ተሸክሞ ወጥቶ በራፋችን ላይ፣ በአምባሮቹ ሥር አኖረው። ወፍጮው ቆሟል፣ ሴቶቹ በጆንያዎቻቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ እኔ ወናፉን እነፋለሁ፤ እሱም ያችን ፒን በጠራራ ፀሐይ ቀጠቀጣት። እስከዚያ ቀን ድረስ መዶሻው ወፍጮውን ይጠብቅ ነበር፤ ያን ቀን ወፍጮው መዶሻውን ጠበቀ። እትዬ ዘነቡም በወረፋው ውስጥ ነበሩ፤ ሕፃኑን እንደሸፈኑ ነው፣ ግን ሽሯቸውን አስፈጭተው ነው የሄዱት። እሳቸው እስከ መጨረሻው ነጠላቸውን ከልጁ ፊት አላወረዱም። ሌሎቹ ግን ከዚያ ወዲያ እጀታው የወለቀ ድስት፣ የተሰበረ ጉትቻ፣ አልከፍት ያለ ቁልፍ ይዘው ይመጡ ጀመር፤ አባቴም ለሚጠይቀው ሰው ብረቱን ከአዲስ አበባ ማምጣቱን ተወ።

መስከረም ሲጠባ ሦስታችንም አብረን ትምህርት ቤት ሄድን። እናቴ ያን ጠዋት ከሳጥኗ ጎን ቆማ ብዙ አመነታች፣ ከዚያ አባቴ ሠርቶላት ዓመታት የተቀመጠውን የወይራና የናስ አምባር አጠለቀች፤ በሚቀጥለው እሁድም ሳታወልቀው ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ አንዳንድ እህቶች ሲያዩዋት ባሌ ነው የሠራው ከማለት ሌላ ማብራሪያ አልሰጠችም። መዝጋቢው መምህር ዕድሜዬን ሰምተው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ፣ መጽሐፍ ሰጥተው አስነበቡኝ፣ ሁለተኛ ክፍል ሊያስገቡኝም ወሰኑ። ከዚያ የአባትየው ሥራ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። እናቴ እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ።

«አንጥረኛ ነኝ» አለ አባቴ። «እንጨትም እሠራለሁ።»

ብረቱን ሲያስቀድም የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ከስምንት ዓመት ልጆች መሃል ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎኝ ተቀመጥሁ። አባቴ የፈራው ጥያቄ ብዙ አልዘገየም፤ በእረፍት ሰዓት አንዲት ቀጭን ልጅ ሌሎቹን አስከትላ መጥታ «አባትሽ ቀጥቃጭ ነው አሉ» አለችኝ። ስንት መስከረም ከቤት ያስቀረኝ ነገር ይኸው እንደሆነ አሰብሁ፤ አጠገቤ ሲደርስ ግን ከጠበቅሁት ይልቅ ትንሽ ነበር። ልጅቷን ቀና ብዬ አየኋት፣ ዓይኔ የግራ ጆሮዋ ላይ አረፈ።

«አዎ» አልኋት። «የጉትቻሽ መያዣ ተሰብሯል። ነገ አምጪው።»

አመጣችው። እስከ ስምንተኛ ክፍል አብረን ተቀመጥን።

አሁን የጋሪው መንገድ የባጃጅ ሆኗል፣ በወፍጮ ቤቱ ቦታ ፎቅ ቆሟል፣ እናቴም ጋሽ ከድርም በየአፈራቸው አርፈዋል። እኔ የቀረውን ትምህርት በማታ ጨርሼ፣ ጥቂት ዓመት በመጻሕፍት ቤት ሠርቼ፣ ወደ እንጨቱና ወደ ብረቱ ተመለስሁ። ሱቄ ፊቱ መስታወት ነው፤ ምድጃዬ ከመንገድ ይታያል፣ በሥራና በሥራ መሃል የማነበው መጽሐፍም ሐዲዱ አጠገብ ይቀመጣል። ዱከም ፋብሪካ የሚሠሩ ወጣቶች ደመወዝ ሲቀበሉ ይመጡና ስሠራ በስልካቸው ይቀርጹኛል፤ «በእጅ የተቀጠቀጠ» የሚለውን ቃል እንደ ምስጋና ነው የሚናገሩት። «ቡዳ» የሚለው የድሮው ቃል ከአገሩ ጠፍቷል አልልም፤ አሁንም ሠርግ ቤት ውስጥ ሲንሾካሾኩበት እሰማለሁ። ግን የሚንሾካሾኩት እነሱ ናቸው፤ ድሮ የምንንሾካሾከው እኛ ነበርን።

አባቴ ቀኑን ሙሉ በሱቄ ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል። በዚያች በተዘጋች ክፍል ውስጥ ለዓመታት ከወፍጮው ሥር የመታው መዶሻ ጆሮውን ጨርሶታል፤ ሐኪሟ ከጠበቅነው በላይ የቆየ ጉዳት ነው አለች። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ፣ በልኩ ያወራ እየመሰለው ይጮኻል። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ወጣት የወይራና የብር ቀለበት መርጣ ልትከፍል ስትል፣ ከደጅ ሆኖ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባና «አትፍሪ ልጄ፣ አይወልቅም። እኔ ቀጥቃጭ ነኝ፣ እሷም የቀጥቃጭ ልጅ ናት» አላት። መንገድ ተሻጋሪዎች ዞር ብለው አዩ፣ አንድ ባጃጅ ነጂም ጡሩምባ ቢያሰማ ድምፁ ከአባቴ አልበለጠም። ልጅቷ አፍሬ እንደሆነ ለማየት ወደ እኔ ተመለከተች፣ ከዚያ ፈገግ ብላ «አባባ ሁልጊዜ እንዲህ ይጮኻሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አይ» አልኋት፣ ቀለበቷን ጠቅልዬ እየሰጠኋት። «ድሮ በጣም ዝምተኛ ሰው ነበር።»